ሚስት የከለከለኝ ፈረንጅ ቅድመ አያት

ስሙኝማ! የያዛችሁትን አስቀምጡና ይቺን ስሙ። አንድ ሰውዬ አለ። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ቦረናን በእግሩ አልረገጣት፣ በካርታ አላያት፤ መካነ ሰላም የሚባል አገር መኖሩን ሳይሰማ ነው የሞተው። ይኼ ሰውዬ ሚስት ከለከለኝ። በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን እኮ በር ላይ ጠብቄ አንገቱን እይዘው ነበር። የሞተ ፈረንጅ አንገት የት ይገኛል?

ስሙን አልነግራችሁም። ብትለምኑኝም አልነግራችሁም። በዓለም ላይ ያለ ሐኪም ሁሉ በየቀኑ ይጠራዋል፤ እኔ ደግሞ በነጻ አልጨምርለትም።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ለምን አቆምክ ብትሉኝ፣ እኔ አላቆምኩም፤ ተማሪ ቤቱ ነው የቆመው። አስተማሪው ወደ አገሩ፣ ተማሪው እህል ይገኛል ወደተባለበት ተበተነ። በልጉም ክረምቱም ተከታትለው ከዱን። ገብሱ ጣት ሳያክል ቢጫ ሆነ። በሬዎቹ አለቁ። እናቴ ያን ክረምት አላለፈችም። ይኼን በአንድ መስመር የጻፍኩት ሁለተኛውን መስመር ከጀመርኩ ስለማላቆም ነው።

ያን ጊዜ ታዲያ የኛ ሹማምንት ለበላዮቻቸው "መጠነኛ የዝናብ እጥረት ታይቷል፤ ሕዝቡ ግን ደኅና ነው" እያሉ ይጽፉ ነበር። ደኅና! የጎተራው ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ስለሆነ እነሱስ ደኅና ነበሩ። ሆዳቸው ከቀበቶው አልፎ የሚያርፍበት ወንበር ይፈልግ ነበር። ይኼን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አባቴን፣ አገሩ አያ ይመር የሚለውን፣ ደግፌ ከመካነ ሰላም ከተማ ዳር የተተከለው መጠለያ ገባሁ። ስንዴው ሰውነቱን መለሰለት። እግሩ ጸና፣ ጉንጩ ሞላ። አእምሮው ግን ከአካሉ ጋር አልደረሰም፤ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ አረፍ ያለ ይመስል ነበር።

"አባባ፣ እንዴት አደሩ?"

"ደክሞኛል ልጄ። ትናንት ደጎሎ ገበያ ወርጄ ገብስ ሸጬ ነው የመጣሁት። ጉልበቴን እየው።"

ከምንጣፉ ከተነሳ እኮ ወሩ ነው! ገብስ ደግሞ እንኳን የሚሸጥ የሚታይም አልነበረም። ውሸት እንዳይመስላችሁ። አባቴ ዋሽቶ አያውቅም። ትዝታው የተቀደደበትን ቦታ ባገኘው ጨርቅ ሁሉ ይጥፈዋል እንጂ። የጣፈውንም ከልቡ ያምነዋል።

ከባህር ማዶ የመጣ አንድ ረጅም ሐኪም ነበረን፤ ድንኳን ሲገባ ለሁለት የሚታጠፍ። አባቴን ጣቱን እያወዛወዘ "ተከተል" አለው፣ አስቆመው፣ አስኬደው፣ በድሬሰሩ፣ ቁስል በሚያጥበውና መርፌ በሚወጋው በጋሽ ተሾመ አስተርጓሚነት ብዙ ጠየቀው። ከዚያ ካርዱ ላይ ከስሙ ሥር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈ። ፊት ለፊቱ ምንጣፍ ላይ ካለው ከአያ ሞላ ካርድም ላይ ያንኑ ጻፈ። አያ ሞላ ከአጅባር ወዲያ ማዶ የመጣ ገበሬ ነው። እሱም በቃ እንደ አባቴ ነው፤ አባቴ ገብስ ሲሸጥ እሱ ሰንጋ ይገዛል። ሁለቱ ተጋድመው ያለ እህልና ያለ ከብት ገበያውን ሲያደሩት ይውላሉ።

እኔ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል ስለምለይ ጸሐፊ ተደረግኩ። አቤት ኩራቴ! እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ነው የምተኛው። ሥራዬ ከሐኪሙ ካርድ ወደ ትልቁ መዝገብ መገልበጥ ነው። ከደሴ የመጣው ተቆጣጣሪ መዝገቡን በጣቱ እየደበደበ እንዲህ አለኝ፦

"ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም! ባዶ ዓምድ ያለበት ሰው ስንዴ የለውም። ገባህ?"

"ገባኝ ጌታዬ።"

ምኑ ይገባኛል! ካርዱ ላይ ያለው ስምና የአባት ስም ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሐኪሙ ጭረት። በትንሽ ፊደል የጀመረውን "ይኼ በሽታ ነው" ብዬ አለፍኩና ሰዎቹን እየዞርኩ አያታቸውን ጠየቅሁ። ከክምሩ ሁለቱ ካርድ ላይ ግን ቃሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። አስተማሪያችን ደግሞ በእንግሊዝኛ የሰው ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል ብሎ በአርጩሜ አስተምሮናል። በኛ አገር ከአባት ስም ቀጥሎ የሚመጣ የሰው ስም ምንድነው? አያት ነው! ሌላ ምን ይሆናል? በአማርኛ ፊደል ስጽፈው መጨረሻው እንደ "ዮሴፍ" ስለሚል ክርስቲያንም መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ አንድ ጥያቄ ቀነሰልኝ።

ይኸው እንግዲህ ስንፍናዬን ስሙ። መዝገብ የምሞላው አባቴ እንደሚያርሰው ነው፤ አንዱን ትልም ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሻገርም። መጀመሪያ የስሙን ዓምድ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ የአባቱን፣ ከዚያ የአያቱን። ሦስተኛው ትልም ላይ ስደርስ የማን ካርድ እንደሆነ ቀና ብዬ አላየሁም። ከሁለቱ ካርዶች አንደኛው የገዛ አባቴ ነበር። አደም የሚባለውን የአባቴን አያት፣ የኔን ቅድመ አያት፣ አውጥቼ ጥዬ በቦታው ፈረንጅ ተከልኩ። መዝገቡን ዘግቼም ላቤን ጠረግሁ።

አሁን ወደ ብርቄ ልምጣ። ብርቄ የአያ ሞላ ልጅ ናት። ለአባቷ ውኃ ስታመጣ ለአባቴም ታመጣለች፤ ለኔ አታመጣም። ፊደል አትለይም፤ ግን መዝገቤን ጎንበስ ብላ አየችና፦

"ይኼ ጽሕፈትህ ለምን ወደ ግራ ይዘማል? እሱንም ርቦት ነው?" አለችኝ።

ያን ቀን ነው ያለቀልኝ። ከዚያ በኋላ ቀጥ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ፍቅር ማለት ይኼ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

በዚያ ሁሉ መከራ መሀል ትዳር ያሰብኩት አብጄ አይደለም። ሰው ሲያልቅ ያየ ሰው ቶሎ ሰው መሆን ያምረዋል። ብርቄም እሺ አለች። "እሺ" አላለችም እንኳ፤ "ሽማግሌ ላክና እናያለን" ነው ያለችው። ጋሽ ተሾመን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባ ገብሬ ሄድን። አባ ገብሬ የነብርቄ የንስሐ አባት ናቸው፤ ደብራቸው ሰው አልባ ሲሆን ከሕዝባቸው ጋር አብረው ተሰደው እዚሁ መጠለያ ገብተዋል። አያ ሞላ ነገሩን እየረሳ በየቀኑ አዲስ እሺታ ስለሚሰጥ፣ ነገሩ እሳቸው እጅ ነው ያለው።

"መልካም ነው" አሉ። "ግን ዘር ሳይቆጠር አላጋባም። ሰባት ቤት መራቅ አለባችሁ። ማን ይቁጠር?"

በደኅናው ጊዜ ቢሆን የሁለቱ አገር አዛውንቶች ሣር ላይ ተቀምጠው እየተከራከሩ ይቆጥሩት ነበር። አሁን ቆጣሪዎቹ ግማሹ አፈር ገብቷል፤ ግማሹ ወረኢሉ ይሁን አዋሽ ወሬው የለም።

"መዝገብ አለ!" አልኩ። በማን አፍ? በዚች በገዛ አፌ። "እስከ አያት ተጽፏል አባ! በእጄ ነው የጻፍኩት!"

ሮጬ አመጣሁት። አባ ገብሬ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ሞላ… ገበየሁ…" ቀጥለው ያን ስም። ገጹን ገለጡ። "ይመር… ካሳ…" ቀጥለው ያንኑ ስም። ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። የስቅለት ዕለት እንኳ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

"አንድ አያት" አሉ። "አንተና እሷ ሦስት ቤት ናችሁ። ከሰባቱ አራት ይጎድላችኋል።"

"አባ፣ ወላሂ ስህተት ነው! የአባቴ አያት አደም ነው የሚባለው!"

"በወላሂ ነው የምትምልልኝ?"

"የአገሬው ልማድ ሆኖብኝ ነው አባ፤ ክርስቲያንስ ነኝ።"

"እኔንም ሳላስበው ያመልጠኛል፤ ቀጥል። ይኼ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የኔ።"

"አደም ነው የሚለኝስ?"

"እኔ።"

"ይኼን የጻፈው ልጅ ሚስት አልፈለገም ነበር። አሁን የሚምልልኝ ልጅ ሚስት ይፈልጋል። የትኛውን ልመን?"

እኔም ብሆን የፊተኛውን ነበር የማምነው።

"እሺ አባቶቻችንን ይጠይቁ!" አልኩ። ሁለተኛ ጥፋቴ ይኼ ነው። በቅርጫት የማይቀዳ ውኃ በቅርጫት ልቀዳ ተነሳሁ።

አባ ገብሬ በሁለቱ ምንጣፍ መሀል ቁጢጥ አሉና ያን ስም ለአባቴ ጠሩለት። "አያ ይመር፣ ይኼን ሰው ያውቁታል?"

የአባቴ ፊት በራ። "እንዴ! አያቴን? እንዴት አላውቀው! ግራጫ በቅሎ ነበረችው። በሷ ላይ አፈናጦኝ ኸገበያ ገበያ እንዞር ነበር።"

አያ ሞላ ከማዶ ክንዱን ተደግፎ ተነሳ። "ያችን ግራጫ በቅሎ? እኔ አይደለሁ ገብስ ያበላኋት! አያቴ እኮ ናት… አያቴ እኮ ነው ጌታዋ!"

"አንተ የማን ልጅ ነህ?"

"የገበየሁ!"

"የገበየሁ! የአጎቴ የገበየሁ ልጅ!"

ተቃቀፉ። ተላቀሱ። እኔ "አባባ፣ ኧረ በአላህ!" ስል አባቴ በእንባው መሀል ተቆጣኝ፤ "ዝም በል! ቅድመ አያትህን በቅሎ ላይ ሳታየው ምን አፍ አለህ?" አለኝ። አካባቢው ሁሉ ተሰብስቦ አለቀሰ። በረሃብ የተበታተነ ዘመድ ተገናኘ ተብሎ እልል ተባለ። አባ ገብሬ ዓይናቸውን ጠርገው መዝገቡን ዘጉት።

ብርቄ ማሰሮዋን አንስታ በአጠገቤ አለፈች። "በል ወንድም ጋሼ፣ መንገድ ልቀቅልኝ" አለችኝ። ወንድም ጋሼ! በሽጉጥ ብትመታኝ ይሻል ነበር። ደግሞ ስታልፍ ዓይኗ ቀልቷል። እሱን አላየሁም እንዳልል አይቻለሁ።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ተሾመ በረርኩ። መርፌ ሲቀቅል አገኘሁት።

"ጋሽ ተሾመ፣ ይኼ ሰውዬ ማነው?" ስሙን አሳየሁት።

አየው። መዝገቡን አየ። እኔን አየ። ከዚያ የያዘውን መቆንጠጫ አስቀምጦ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። "አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ የበሽታው ስም ነው!"

"በሽታ በትልቅ ፊደል ይጀምራል?"

"የሰው ስም ስለሆነ ነዋ። በፊት ጊዜ የነበረ የአእምሮ ሐኪም ነው። እንደነዚህ ያሉ፣ የሆነውን ረስተው ያልሆነውን የሚያወሩ ሰዎች አይቶ ጻፈ። ሌሎቹ ሐኪሞች ለክብሩ በሽታውን በስሙ ጠሩት።"

"ታሞ ነበር?"

"ማን?"

"ሰውዬው።"

"የለም፣ እሱ ጤነኛ ነው።"

"ርቦት ነበር?"

"ምን አስራበው? ሐኪም ነው ስልህ።"

"እና የተራበው አባቴ፣ የታመመው አባቴ፣ የረሳው አባቴ፤ የሚታወሰው ግን እሱ?"

ጋሽ ተሾመ ሳቁን አቆመ። "እንግዲህ የሕክምና እንግሊዝኛ እንዲህ ነው" አለ። "በተለይ የአእምሮው። 'ይቺ ሚስቴ አይደለችም፤ እሷን መስላ የመጣች ሌላ ናት' የሚል በሽተኛ አለ፤ የአንዱ ሐኪም ስም ነው። 'እኔ ሞቻለሁ፣ ቅበሩኝ' የሚል አለ፤ የሌላው ስም ነው። ሲያረጁ የሚያስረሳው፣ የሌላው። አንዱ ፈረንሳይ፣ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ መስኮብ፤ እንግሊዝኛው ሁሉንም ሰብስቦ ቃል አደረጋቸው። ተማሪ ሆነን ስንሸመድድ እኔም የክርስትና መዝገብ የምሸመድድ ይመስለኝ ነበር።"

"የልጅ ልጆች አሏቸው?"

"ሳይኖራቸው አይቀርም። እነሱ የቤት ስም ነው ያላቸው፤ ትውልድ ሁሉ ያንኑ ነው የሚወርሰው።"

"እና ልጅቷ 'ስምሽ ማነው?' ስትባል በሽታውን ነው የምትናገረው?"

እንደገና ሳል ያዘው።

እኔ ግን አልሳቅሁም። አስቡት እስኪ። እኛ ጋ ስም ሁለት ሰው ተሻግሮ ይጠፋል። የኔ የልጅ ልጅ ልጅ ስሜን አይሸከምም። የነሱ ስም ግን የሚታመም ሰው እስካለ ይኖራል። "በዚህ አያያዝ እኮ" አልኩት፣ "ሆዱን እያሻሸ 'ረሃብ የለም' የሚል ሰው መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ይኼም በሽታ በኔ ስም ይጠራልኝ?"

"በስምህ ቢጠራ ደስ ይልሃል?"

አሰብኩበት። "ኧረ አይለኝም" አልኩ። "እሱ የራሱ ባለቤት አለው።"

ሐኪሙን ጠራነው። ነገሩ ሲተረጎምለት ሳቀና ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። በጋሽ ተሾመ በኩል እንዲህ አለኝ፦ ስሙን የምጽፈው ለክብር አይደለም፤ እኔ ነገ ብሄድና ሌላ ሐኪም ቢተካኝ፣ ይቺን አንድ ቃል አይቶ ለአባትህ የትኛውን መርፌ እንደሚወጋ ያውቃል። በሽታው ምግብ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ሲጠፋ የሚመጣ ነው፤ መርፌው እሱን ይመልሳል። ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ግማሹን ይድናል።

መርፌውን ስለሚያስመጣልኝ ለስሙ ግማሽ ይቅርታ አደረግኩ። ግማሹን ይዤዋለሁ።

አባ ገብሬ ዘንድ ሦስታችን ገባን። ሐኪሙ ታጥፎ ቆመ። አባ በጥንቃቄ ጠየቁት፦

"ሰውዬው ሞቷል?"

"ከሞተ ቆይቷል።"

"አጅባር መጥቶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"በቅሎስ?"

ሐኪሙ ስለ በቅሎው የተጻፈ እንዳላነበበ ተናገረ። አባ ገብሬ ጺማቸውን ያዙ። "ፈረንጁ ለዚህ ልጅ ብሎ አይዋሽም፤ ዘመዱ አይደለም። ሁለት አባቶች ደግሞ አልቅሰው መስክረዋል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው" አሉ። "እውነተኛ ትዝታ ቢያድርም አይለወጥም። በየቀኑ እጠይቃቸዋለሁ። ሦስት ቀን ተከታትለው አንድ ስም ከተናገሩ ያንን አምናለሁ።"

ጥየቃው ተጀመረ። ሰኞ በቅሎዋ ግራጫ ናት። ማክሰኞ ዳማ ሆነች። ረቡዕ አያ ሞላ "በቅሎ? የለም፣ ሰጋር ፈረስ ነው" አለ። ሐሙስ አያትየው ዓይነ ስውር መምህር ሆነ። ዓርብ አባ ገብሬ ወጥተው "ይኼ ሰውዬ በሳምንት አምስት ጊዜ ተወለደ" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አብሽር ልጄ። መርፌው ይቀጥል።"

መርፌው ቀጠለ። በየጠዋቱ አባቴን ይዤ ስሄድ ብርቄ አባቷን ይዛ ትመጣለች። "ደኅና አደርክ ወንድም ጋሼ?" ትላለች። "ደኅና ነኝ እኅት ዓለም" እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። ውስጤ ግን አንድ ነገር ይጠብቃል።

አንድ ጠዋት አያ ሞላ መርፌውን ተወግቶ ሲነሳ አባቴን ትክ ብሎ አየው።

"ብርቄ፣ ይኼ ሰውዬ ማነው?"

"እስከ ትናንት የአጎትህ ልጅ ነበር አባዬ።"

"የምን አጎት? አባቴ ገበየሁ ወንድም የለውም። አያቴም ብሬ ነው። ድሀ ሰው ነው፤ አህያ እንኳ ተውሶ ነው የሚጭነው!"

ብርቄ ማሰሮው ከእጇ ወደቀ። አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም። ሁለታችንም አባ ገብሬን ፍለጋ ሮጥን፤ እሷ ቀደመችኝ።

አያ ሞላ ሦስት ቀን "ብሬ" አለ። አባቴ ቆየ። ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ተፈታ። አንድ ሰኞ "አደም" አለ። ማክሰኞ "አደም" አለ። ረቡዕ ጠዋት አፉን ሲከፍት ትንፋሼን ያዝኩ። "አደም ነዋ! ስንቴ ትጠይቁኛላችሁ? አደም፤ ግራጫ በቅሎ የነበረችው።"

አባ ገብሬን አየኋቸው።

"ስሙ ጸንቷል" አሉ። "በቅሎዋን ተዉለት።"

ከዚያ በእግራቸው አጅባር ድረስ ደርሰው የብሬን ዘር የሚያውቁ ሁለት ባልቴቶችን አስቆጥረው ተመለሱ። ከኛ ወገንም ወረኢሉ የነበሩ አንድ አዛውንት ተገኙ። ሰባቱ ቤት ሞላ፤ ተረፈም። በእርዳታ ስንዴ ድፎ ሠርጋችን ሆነ። በመሀሉ አባቴ ድንገት ተነስቶ "የአያቴን በቅሎ ማን አሰራት?" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

"እኔ አስሬያታለሁ አባባ" አለች ብርቄ። "ገብስም ሰጥቻታለሁ።"

"እደጊ ልጄ" ብሎ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ከኔ ይልቅ እሷን ነው የሚያምነው።

በዚህ መሀል ወታደሩ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ። ሬዲዮው ሌላ ቋንቋ ጀመረ። የደሴው ተቆጣጣሪ ጠፋና ሌላ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ካኪ ለብሷል፣ "ጌታዬ" አትበሉኝ ይላል። አዲስ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለና ምን ቢል ጥሩ ነው? "ባዶ ዓምድ አልቀበልም!" ለውጥ ማለት ይኼ ነው እንጂ።

መዝገቡ ግን በእውነት አዲስ ዓምድ አለው። "የሕመሙ ምክንያት" ይላል። በልጉ ዘንቦልናል፤ ገብሱ ጉልበት ደርሷል፤ ብርቄ ጽሕፈቴን እየጠበቀች ፊደል ልትማር ከጎኔ ተቀምጣለች። የአባቴ ስም ላይ ደርሻለሁ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሰጥቶኛል፤ እሱን ጽፌያለሁ፣ በትልቅ ፊደል። ምክንያቱ ባዶ ነው። "ረሃብ" ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ ብርቄ እጄን ያዘችው። "ረሃቡንስ ማን አመጣው?" አለች። "ሰውን ሁሉ አባቱን ስትጠይቅ አልነበር? ረሃቡም አባት አለው።"

እንግዲህ እናንተ ጎተራውን ቆልፋችሁ "ሕዝቡ ደኅና ነው" ብላችሁ የጻፋችሁ ሹማምንት፣ በሽታውን ያየው የፈረንጅ ሐኪም ስሙ ዘላለም ከተጠራ፣ ያደረጋችሁት እናንተ ስማችሁ ለምን ይቀራል? እስክሪብቶዬን ይዤ እየጠበቅኋችሁ ነው፤ ባዶ ዓምድ አይፈቀድም። ስማችሁን እስከ አያታችሁ መጥታችሁ ትነግሩኛላችሁ ወይስ እኔው ልሙላው?